የእረኛ ቆጠራና የንጉሥ ቆጠራ



ዛሬ የማነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ከመንፈሳዊ ነገር የራቀ ይመስል ይሆናል። ብዙ አጥቢያዎች በአሁኑ ጊዜ የሚዲያ አገልግሎት ክፍል አላቸው። ሦስት አራት ወጣቶች አንድ ካሜራ፣ ጥቂት ስልኮችና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ይዘው የፌስቡኩን ፔጅ፣ የቴሌግራሙን ቻናል፣ ዩቲዩቡንና ኢንስታግራሙን ያንቀሳቅሳሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ይህን ሥራ የሚያቀልል መሣሪያ ይጠቀማሉ። ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ጽሑፍና ምስል ይጭኑበታል፤ ለእያንዳንዱ ቀንና ሰዓት ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው በየሰዓቱ ያወጣዋል። ከወጣም በኋላ ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንቱ ላይክ እንዳደረገ፣ ስንቱ ሼር እንዳደረገ፣ ስንቱ ቪዲዮውን ጀምሮ ጥሎት እንደሄደ ቆጥሮ በግራፍ ያሳያል።

ስለዚህ ነገር በአገልጋዮች መካከል ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «መንፈስ ቅዱስን በሰዓት አሰራችሁት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የስብከቱን ቪው ሳያይ ምሳ አይበላም። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። አስቀድሞ አዘጋጅቶ በሰዓቱ እንዲወጣ ማድረግ መልካም መጋቢነት ነው ብዬ አምናለሁ። መቁጠርም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእረኛ ቆጠራ አለ፤ የንጉሥ ቆጠራም አለ። አገልግሎታችን የሚድነው ወይም የሚበላሸው ከሁለቱ የትኛውን እንደምንቆጥር ሳናውቅ ስንቀር ነው።

አስቀድሞ ማዘጋጀት አለማመን አይደለም

ከመጀመሪያው ወገን ልጀምር። ስጋታቸው ከቅንነት የመጣ ስለሆነ ሊሰማ ይገባዋል። የእግዚአብሔር ቃል እንደ ማስታወቂያ በወረፋ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማየት ደስ አይላቸውም። ይሁን እንጂ መጋቢው የእሑዱን ስብከት ሐሙስ ሲያዘጋጅ መንፈስን አሰረ ብለን አናውቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቶቹን ሲጽፍ፣ ጽሑፉ በሰው እጅ ተጉዞ ከብዙ ቀን በኋላ እንደሚነበብ ያውቅ ነበር። ሲጽፍ አብሮት የነበረው መንፈስ ሲነበብም ነበረ። ለዕንባቆም የተሰጠውም ትእዛዝ ራእዩን በግልጥ እንዲጽፍ ነበር፤ ምክንያቱም ራእዩ የተወሰነ ጊዜ ነበረውና (ዕንባቆም 2፥2-3)።

በአገራችንም ታሪክ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ያ ጣቢያ በብዙ ቋንቋዎች ይሠራጭ ነበር። ከፕሮግራሞቹ ብዙዎቹ በሌሎች አገሮች ባሉ ስቱዲዮዎች ተቀርጸው በቴፕ ወደ አዲስ አበባ ይመጡና በተመደበላቸው ሰዓት ይተላለፉ ነበር። በዛሬው አነጋገር ስኬጁል የተደረጉ ነበሩ ማለት ነው። ቃሉ ሳምንታት ቀድሞ ስለተቀረጸ በሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ልብ ሳይነካ አልቀረም።

እስቲ ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት እናስብ። ቀኑን ሙሉ ስልኳን አትነካም። አሠሪዎቿ ሲተኙ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ትራሷ ላይ ተደግፋ ስልኳን ትከፍታለች። ኩዌትና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የቻናሉ አገልጋይ ተኝቷል። እርሱ ተኝቶ ሳለ ለእርሷ የሚደርስ የማጽናኛ ቃል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከጠበቃት ይህ ፍቅር ነው። ሐዋሳ ላይ ጎህ ሳይቀድ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ የምትሳፈረው ወጣትም እንዲሁ ናት። ሁለቱም የሚያነቡበት ሰዓት እኛ ለመጻፍ ከሚመቸን ሰዓት ጋር አይገጥምም።

ሌላም ጥቅም አለው። የሚዲያ አገልጋዮቻችን እሑድ እሑድ ጉባኤው ሲዘምር አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው እናያቸዋለን። እነርሱም ነፍስ አላቸው፤ እነርሱም ማምለክ አለባቸው። ሥራው ቅዳሜ ካለቀ፣ እሑድ እጃቸውን አንሥተው ከወንድሞቻቸው ጋር ይዘምራሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን መሣሪያው ተገቢ ነው።

መሣሪያው ደግሞ ከብዙዎቻችን አቅም በላይ አይደለም። ሁትስዊት እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ፣ በፈር ደግሞ በ2010 በእንግሊዝ ተጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ሜታ ቢዝነስ ስዊት ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ይህንኑ ሥራ ያለ ክፍያ ይሠራል። በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ በመያዝ ቀንና ሰዓት መስጠት ይቻላል። ዩቲዩብም ቪዲዮው የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ ይቀበላል። አንዲት ትንሽ አጥቢያ አንድ ብር ሳታወጣ ልትጠቀምበት ትችላለች።

«አሁን» የሚለው ቃል

እንግዲህ ማዘጋጀት መልካም ከሆነ፣ የሚጠነቀቅበትም ነገር አለው። የመጀመሪያው እውነተኝነት ነው።

«አሁን ከጸሎት እንደተነሣሁ ጌታ ይህን ቃል ሰጠኝ» የሚል ጽሑፍ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። አንባቢው ይገረማል፤ «አሜን፣ ተቀበልኩ» ይላል፤ አገልጋዩ በዚያ ሌሊት ተንበርክኮ ስለ እርሱ የሚማልድ ይመስለዋል። ጽሑፉ ግን ያለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተጽፎ ሰዓት የተሰጠው ከሆነ፣ «አሁን» የሚለው ቃል ውሸት ነው። ትንሽ ውሸት ልንለው እንችል ይሆናል። በጌታ ስም የተነገረ ነገር ውስጥ ግን ትንሽ ውሸት የሚባል የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ከሆነ አሁን የተጻፈ አታስመስሉት። ቃሉ እውነት ከሆነ የሰዓት ጌጥ አያስፈልገውም። ተከታይና ላይክ በገንዘብ መግዛትም ከዚህ የባሰ ነው። ምሳሌ 11፥1 ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረውን እናውቃለን፤ ያ ቃል ለእህል ነጋዴ ብቻ የተጻፈ አይምሰለን።

ሁለቱ ቆጠራዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ መቁጠር።

አንዳንድ ወገኖች 2ኛ ሳሙኤል 24ን ጠቅሰው ቁጥር ሁሉ ከሰይጣን ነው ሊሉ ይቃጣቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። በዘኍልቍ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ እንዲቆጠር ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። በበዓለ ኀምሳ ቀን ወደ 3,000 የሚያህሉ ነፍሳት እንደተጨመሩ ሉቃስ ጽፎልናል፤ የጻፈው ሰው ከነበረ የቆጠረም ሰው ነበረ። ከትንሣኤ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ መረቡን ጎትተው ዓሣውን 153 ብለው ቆጥረዋል፤ ጌታም በባሕሩ ዳር ቁርስ አዘጋጅቶ ሲጠብቃቸው ስለ መቁጠራቸው አልገሠጻቸውም።

ታዲያ የዳዊት ጥፋት ምን ነበር? ዳዊት የቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዙ ሰዎችን ነው፤ በእስራኤል 800,000፣ በይሁዳ 500,000። ሊያውቅ የፈለገው ጉልበቱን ነበር። ኢዮአብ እንኳ፣ ያ በብዙ ነገር የማናመሰግነው የጦር አለቃ፣ «ንጉሡ ይህን ለምን ፈለገው?» የሚል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ቆጠራው ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ። ዳዊትን ልቡ የመታው ቁጥሩ ከቀረበለት በኋላ ነው።

ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን! ዳዊት ሐሳቡን ለመለወጥ ያን ያህል ጊዜ ነበረው፤ የሚቃወመው ኢዮአብም ነበረው። እኛ ጉልበታችንን ለመቁጠር የሚያስፈልገን ስልካችንን በአውራ ጣት መንካት ብቻ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ልንቆጥር እንችላለን፤ «ለምን ፈለግኸው?» የሚለን ሰውም በአጠገባችን የለም።

ከዚህ ጎን የሉቃስ 15ን እረኛ አስቀምጡት። መቶ በጎች ነበሩት፤ አንዱ ጠፋ። አንዱ እንደጠፋ ያወቀው እንዴት ነው? ስለቆጠረ ነዋ! ባይቆጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን አይቶ «መንጋዬ ብዙ ነው» ብሎ ይተኛ ነበር። እረኛው የቆጠረው ማን እንደጎደለ ለማወቅ ነው፤ ቆጥሮ ሲጨርስም የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተነሥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ግራፉን በከፈትን ቁጥር ራሳችንን የምንፈትንበት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ ወደ ማን እሄዳለሁ? መልሱ «ወደ ማንም» ከሆነ የቆጠርነው የንጉሥ ቆጠራ ነው።

ግራፉ ሰባኪ ሲሆን

የንጉሥ ቆጠራ ጉዳት በትዕቢት ብቻ አያቆምም፤ ቀስ በቀስ መልእክቱን ራሱን ይለውጣል።

ስለ በረከትና ስለ መክፈት የሚናገር የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ብዙ ሺህ ሰው ያየዋል። ሌላውን አገልጋይ የሚነቅፍ ቪዲዮ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለ ንስሐ፣ ስለ ይቅርታ፣ በትዳር ስለ መታገሥ፣ ስለ ታማኝ ደመወዝ ከፋይነት የተሰበከው ግን ጥቂት መቶ ላይ ይቆማል። ማንም ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ስለ ንስሐ አንጽፍም» ብሎ አይወስንም። ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ግራፉን እያዩ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያቅዱ ወጣቶች ሳያውቁት ወደ ከፍታው ያዘነብላሉ። ከስድስት ወር በኋላ የፔጁን ትምህርት የሚመርጠው ሽማግሌዎች ጉባኤ ሳይሆን ግራፉ ሆኖ ይገኛል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሰዎች ጆሯቸውን የሚያሳክካቸውን የሚሰሙበት ዘመን እንደሚመጣ ነግሮታል። ጢሞቴዎስ ጆሮ የሚያሳክከውን ለማወቅ መገመት ነበረበት፤ ለእኛ ግን በመቶኛ ተሰልቶ ይቀርብልናል።

ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ እንደምናስበው አይደለም። ፌስቡክ ለብዙ ዘመን አንድ ቪዲዮ ታየ ብሎ የሚቆጥረው 3 ሰከንድ ከታየ ነበር። በ3 ሰከንድ ውስጥ መድረኩ ላይ ያለው ሰባኪ «ሃሌ ሉያ» ብሎ አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኩባንያው ሰዎች ቪዲዮ የሚያዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ እንደቆየ ራሱ አምኗል። ስለዚህ «ስብከቱን 10,000 ሰው ሰማው» ከማለታችን በፊት አንደበታችንን እንግታ። ያለፈበት ሰው ሁሉ የሰማ አይደለም፤ የሰማም ሁሉ ያመነ አይደለም።

ቆጣሪ ሳይኖር ያደገ ሥራ

የወላይታን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን አካባቢውን ለቀው ሲወጡ ተጠምቀው የነበሩት 48 ሰዎች ነበሩ። አማኞቹ ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ። በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የሚላክ ሪፖርት አልነበረም፤ የሚከታተል ቢሮም አልነበረም። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመጡ ያገኙት አማኝ ወደ 10,000 ይገመታል። ዕድገቱ የታየው በግራፍ ሳይሆን በየጎጆው ነበር።

በቅርቡም ያየነው ነገር አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ታግደው ለአምስት ወራት ገደማ ቆዩ። ሰዎች በቪፒኤን መግባት ሲጀምሩ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ከሌላ አገር እንደሚያይ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። ለዓመታት የተሰበሰበ የተከታይ ቁጥር በሌላ እጅ ያለ ንብረት መሆኑ ግልጥ ሆነ። በዚያ ወቅት ያልተናጋው የማን አገልግሎት ነበር? የምእመኑን ስምና ስልክ የሚያውቅ፣ በቤት ለቤት ኅብረት የሚገናኝ አጥቢያ።

ጌታም ሰባዎቹ ደስ ብሏቸው ሲመለሱና አጋንንት እንደተገዙላቸው ሲነግሩት፣ ደስታቸውን በውጤቱ ላይ ሳይሆን ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ላይ እንዲያደርጉት ነገራቸው (ሉቃስ 10፥17-20)። በሰማይ ያለው መዝገብ የስም መዝገብ ነው።

በበረሃው መንገድ ላይ ያለው አንድ ሰው

ፊልጶስ በሰማርያ ሲያገለግል ከተማው ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ታላቅ ደስታም ሆነ። የዛሬ ሰው ቢሆን «እዚሁ ቆይ፣ ቁጥሩ እየጨመረ ነው» የሚል ምክር ይደርሰው ነበር። የጌታ መልአክ ግን ወደ ምድረ በዳው መንገድ ላከው። በዚያ ያገኘው አንድ ሰው ነው፤ በሠረገላ ተቀምጦ የሚያነብ፣ የሚያነበው ያልገባው፣ የሚያስረዳው የሚፈልግ ሰው። ያ ሰው ኢትዮጵያዊ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 8፥26-40)። እኛ ኢትዮጵያውያን አማኞች አንዱን ሰው ንቀን ብዙውን ብናስቀድም፣ በታሪካችን ላይ እንደ መሳለቅ ይሆንብናል።

ዛሬ ያ ሠረገላ የት ነው? እኔ እንደማምነው በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይኸው ሰዓት የምንሰጥበት መሣሪያ ከፌስቡክና ከኢንስታግራም የሚመጡትን መልእክቶች አንድ ላይ ሰብስቦ ያሳያል፤ ያልተከፈቱትንም ይቆጥራል። ይህ ቁጥር በግራፉ ገጽ ላይ በትልቁ አይታይም። የእረኛ ቆጠራ ግን እርሱ ነው።

እንዲህ ያለውን አስቡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት «መኖር ሰልችቶኛል፤ እባካችሁ ጸልዩልኝ» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው መልስ ይመጣለታል፦ «ሰላም! መልእክትዎ ደርሶናል። ፔጃችንን ላይክና ሼር ማድረግ አይርሱ። ተባረኩ!» መልሱን የጻፈው ሰው የለም፤ መሣሪያው ነው የላከው። በማግስቱ ደግሞ ማንም አይከፍተውም፤ ያ ሳምንት ግራፉ ጥሩ ነበርና ሁሉም ደስ ብሎታል። ይህ በአንድም ፔጅ እንዲሆን አንፈልግም። እንዳይሆን ግን ሰው መመደብ አለበት።

ከላይ ያነሣሁት የሬዲዮ ዘመን ለዚህም ያስተምረናል። በሬዲዮው ዘመን አድማጮች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ወረቀት ገዝቷል፣ ቴምብር ለጥፏል፣ ምናልባትም ፖስታ ቤት ድረስ ብዙ መንገድ ሄዷል። አንድ ደብዳቤ አንድ ሰው ነበር፤ ስምና አድራሻ ያለው፣ መልስ የሚጠብቅ። ዛሬ «ጸልዩልኝ» የሚለው አጭር ጽሑፍ ያንኑ ያህል ይክበድብን።

ለሚዲያ አገልጋዮች ጥቂት ምክር

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ድካማችሁን ጌታ ያያል። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር እነዚህን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በሰዓት የተቀመጠ ጽሑፍ ሁሉ ጠባቂ ይኑረው። በየቀኑ ጠዋት ዜናውን አይቶ «ይህ ዛሬ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚል አንድ ሰው በስም ይመደብ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን አስቀድሞ የተቀመጠ የደስታና የጭፈራ ጽሑፍ ያለ ሰው ፈቃድ ቢወጣ፣ የሚያዝን ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን አላዘነችልኝም ይላል። መሣሪያው ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ አይችልም፤ ያ የእናንተ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱንና ቀኑን አጣሩ። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእርሱ 7:00 ጠዋት ማለት ለእኛ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ዱባይ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞናል። የዘመን መለወጫ መልእክትም በየዓመቱ መስከረም 11 በፈረንጅ ብላችሁ አትተዉት። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ጊዜ በዓሉ በ12ኛው ቀን ይውላል፤ የ2020 ዓ.ም. አዲስ ዓመት እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ ፔጁ የቤተ ክርስቲያን ይሁን። የአንድ ወጣት የግል ስልክ ላይ ብቻ የተከፈተ ፔጅ፣ ያ ወጣት አገር ሲለቅ ወይም ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃል በቴሌግራም ግሩፕ ከመላላክ ለእያንዳንዱ አገልጋይ የራሱን ድርሻ መስጠት ይቻላል። ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድም አብሩ። ቢያንስ ሁለት ሽማግሌዎች መግቢያው በእጃቸው ይኑር።

አራተኛ፣ ግራፉን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱት፤ ከጸሎት በኋላ። ለብቻ በየሰዓቱ የሚታይ ቁጥር ልብን ይበላል። ስትመለከቱትም ጠቃሚውን ፈልጉ፦ ሰዎቻችን የሚያነቡት በስንት ሰዓት ነው? ቪዲዮውን ጥለው የሚሄዱት ድምፁ ስለማይሰማ ይሆን? በየትኛው አገር ያሉ ወገኖች እየበዙ ነው፣ በዚያስ የምንጠቁማቸው ኅብረት አለ? እነዚህ የእረኛ ጥያቄዎች ናቸው።

አምስተኛ፣ የሰኞውን ስብሰባ በመልእክት ሳጥኑ ጀምሩ። ስንት ሰው ጻፈልን? ለስንቱ መልስ ሰጠን? ማን ነው ሁለት ቀን የጠበቀ? አውቶማቲክ መልስ ካስቀመጣችሁ እውነቱን ይናገር፦ ሰው መቼ እንደሚመልስና አስቸኳይ ከሆነ በየትኛው ስልክ እንደሚደወል። እህቶች ለእህቶች፣ ወንድሞች ለወንድሞች ቢመልሱ መልካም ነው። ሰው ምስጢሩን ሲጽፍላችሁ ደግሞ ለምስክርነት ብላችሁ እንኳ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አታውጡት።

ለመሪዎች አንድ ቃል

መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ወጣቶቹ የሚቆጥሩት እናንተ የምትጠይቁትን ነው። ሰኞ ጠዋት ደውላችሁ «ስንት ቪው አገኘን?» ካላችሁ፣ ቪው የሚያመጣ ነገር ይዘው ይመጣሉ። «ማን ጻፈልን? ምን ብሎ ጻፈ?» ካላችሁ ደግሞ፣ ስሞችን ይዘው ይመጣሉ። ያ አንድ ጥያቄ የአገልግሎቱን አቅጣጫ ይወስናል።

መሣሪያው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ያተርፍልናል። የተረፈውን ሰዓት ተጨማሪ ለመለጠፍ ካዋልነው ጉልበታችንን ከማብዛት ሌላ ያደረግነው ነገር የለም። ለጻፈልን ሰው መልሰን ለመደወል፣ የጠፋውን ለመጠየቅ፣ የታመመውን ለማየት ካዋልነው ግን ሰዓቱ በእውነት ተርፏል። ጳውሎስ እንደሚያስተምረን የሚተክልና የሚያጠጣ ልዩ ልዩ ነው፤ የሚያሳድገው ግን እግዚአብሔር ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6-7)። የእድገቱን ግራፍ ለእርሱ እንተውለት፤ ለእኛ ውኃ መቅጃው ይበቃናል።

ጌታ ሆይ፣ በስልክ ጀርባ ሆነው የሚደክሙ ልጆችህን አስባቸው። ቁጥር ሲጨምር ከትዕቢት፣ ቁጥር ሲቀንስ ከተስፋ መቁረጥ ጠብቃቸው። በሌሊት የሚጽፈውን ሰው የሚያዩበት ዐይን፣ ተነሥተው የሚሄዱበትም እግር ስጣቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።